አባ ከረባት እና ነጩ ኮሌታ

ባለቤቴ ፓስተር ነው። ካልነገሩት በቀር ግን ይህን የገመተ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ቀጭን ነው፤ ፊቱ ገና ፈተና የደረሰበት ተማሪ ይመስላል፤ የሚለብሰውም እንደማንኛውም ሰው ሸሚዝና ሱሪ ነው። አንድ ሰርግ ላይ ሙሽሮቹን ሊባርክ መድረኩ አጠገብ ቆሞ ሳለ አንዲት ወይዘሮ በጣታቸው ጠቅሰው፣ «የኔ ልጅ፣ እስቲ ቀዝቃዛ ውሃ» አሉት። ሄዶ አመጣላቸው። «ለዚህችም ለስላሳ» አሉት፤ እሱንም አመጣ። ኋላ ማይክሮፎን ይዞ ሲቆም ወይዘሮዋ ወደ ጎረቤታቸው ጠጋ ብለው፣ «አስተናጋጁ ደግሞ ምን ሊል ነው?» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አንድ ቀብር ላይም የሟች ወንድም ትከሻውን መታ አድርጎ፣ «መኪናውን ትንሽ ወደ ኋላ አድርገው» አለው። ባለቤቴ መኪና መንዳት አይችልም።

እንዲህ ያለውን ቤት መጥቶ ሲነግረኝ እንስቃለን። ያልሳቅንበት የሆስፒታሉን ነው።

ከምዕመናኑ አንዱ፣ ጡረታ የወጣ ፖስተኛ፣ ታሞ ተኝቶ ነበርና ባለቤቴ ሊጸልይለት ሄደ። የሕሙማኑ ሕንጻ በር ላይ ዘበኛው እጁን ዘረጋ።

«ወዴት ነው?»

«የታመመ ሰው ልጠይቅ።»

«የመጠየቂያ ሰዓት ከሰዓት በኋላ ነው።»

«ፓስተር ነኝ።»

«እኔ ደግሞ ጄኔራል ነኝ።»

ይህን ሲባባሉ ረጅም ጥቁር ቀሚስ የለበሱ የሌላ ቤተ ክርስቲያን ካህን ከኋላ ደረሱ። ዘበኛው ቆቡን አውልቆ፣ ጎንበስ ብሎ፣ «ይግቡ አባታችን» አለ። ባለቤቴ ተከትሎ ሊገባ ሲል እጁ እንደገና ተዘረጋ።

«እሳቸውስ?» አለ ባለቤቴ።

«እሳቸው ካህን ናቸው።»

«በምን አወቅህ?»

«ዓይን የለኝም እንዴ!»

ፖስተኛው ጸሎቱ ሳይደርሰው ድኖ ወጣ። ከዚያ በኋላ ግን ባለቤቴን በሩቁ ነው ሰላም የሚለው። «ደብዳቤ እንኳ በሰዓቱ ይደርሳል» ብሎ ለሰው ተናግሯል ተባለ።

እኔ በዘበኛው አልፈርድም። መነጽር ቤት ውስጥ ዓይን እለካለሁ። ሰው ሰሌዳው ፊት ይቀመጣል፤ አንዱን መስታወት አንስቼ ሌላውን እተካና፣ «በዚህ ይሻላል ወይስ በዚህኛው?» እላለሁ። ሰው የሚጠየቀው ማየት የሚፈልገውን ሳይሆን ያየውን ነው። ዘበኛውም ያየውን ተናገረ። ቀሚስ አየ፣ ካህን አለ። ሸሚዝ አየ፣ ሰዓቱ አይደለም አለ።

«እኔም ኮሌታ ላድርግ እንዴ?» አለ ባለቤቴ ራት ላይ፣ ሹካውን እያየ።

ኮሌታ ያለው በፊልም የምናየውን፣ ጥቁር ሸሚዝ አንገት ላይ ከፊት ብቅ የሚለውን ነጭ ነገር ነው። የመዘምራኑን ቀሚስ የምትሰፋልን ልብስ ሰፊ ሸሚዙን በደስታ ሰፋችው። ችግር የሆነው ነጩ ነው። በጨርቅ ሞከረችው፣ ተጣጠፈ። በወፍራም ወረቀት ሞከረችው፣ ላብ ጠጥቶ ገንፎ ሆነ። በመጨረሻ ባለቤቴ ከመታጠቢያ ቤት ያለቀ የሻምፑ ጠርሙስ ይዞ ወጣ፤ ነጭ፣ ፕላስቲክ፣ ጠንካራ። በመቀስ ቆረጥንለት። ጠርሙሱ ዙሪያውን ጽሑፍ ስለነበረበት ጽሑፉን ወደ አንገቱ አዙረን ንጹሑን ወደ ውጭ አደረግነው። ይህ ማለት ግን ፕላስቲኩ በተፈጥሮው ከተጠማዘዘበት በተቃራኒ ታጠፈ ማለት ነው። ይህን ያኔውኑ አስተውያለሁ። ይለምደዋል ብዬ ዝም አልኩ።

መስታወት ፊት አቆምኩትና አንድ ጊዜ በኮሌታ፣ አንድ ጊዜ ያለ ኮሌታ አየሁት። «በዚህ ይሻላል» አልኩ። እውነት ነው፣ ይሻላል። ዕድሜ ጨመረለት።

ይህን ሁሉ የምናደርገው ግን አባቴ ሳያውቅ ነበር።

አባቴ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ሰብሳቢ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ወንጌል ሰብኳል፤ በእግሩ፣ በጭነት መኪና፣ በጀልባ። አቧራ ይሁን ጭቃ፣ ሐሩር ይሁን ዝናብ፣ ከረባቱን ሳያስር ከቤት ወጥቶ አያውቅም። ወጣቶቹ ከኋላው «አባ ከረባት» ይሉታል። ሲታጠብም አያወልቀውም ብለው ያሙታል። ልጁ ነኝና አውቃለሁ፤ ያወልቀዋል። የሚያወልቀው ግን ከሁሉ ነገር በኋላ፣ ጫማና ካልሲው ከወለቀ በኋላ ነው፤ አልጋው ራስጌ ላይ ያንጠለጥለዋል፣ ጠዋት መጀመሪያ የሚያነሣውም እሱኑ ነው።

ይኸው አባቴ ማዕረግ የሚባል ነገር አይወድም። ምዕመናኑ ባለቤቴን «ፓስተር» ሲሉት እሱ «ይኸ ልጅ» ነው የሚለው። ከተጋባን ጀምሮ ባለቤቴ «ይኸ ልጅ» እንደሆነ አለ።

ነገሩ መቼም ተደብቆ አይቀር፣ ሽማግሌዎቹን ቤታችን ጠርተን ለመናገር ወሰንን። አባቴ መጣ፤ ሌላው ሽማግሌ፣ ፋርማሲስቱ፣ መጣ፤ ልብስ ሰፊዋም ሽማግሌ ባትሆን «እጄ ያለበት ነገር ነው» ብላ መጣች። ባለቤቴ ጥቁሩን ሸሚዝ ከነኮሌታው ለብሶ ከመኝታ ቤት ሲወጣ አባቴ የሻይ ስኒውን ሳያስቀምጥ ቀና ብሎ አየው።

«ይኸ ልጅ አንገቱን ምን ሆነ? ወለም አለው?»

«ኮሌታ ነው፣ አባባ።»

«የምን ኮሌታ?»

ባለቤቴ አስረዳ። ውሃ የጠየቁትን ወይዘሮ፣ ቀብሩን፣ ዘበኛውን፣ ፖስተኛውን አንድ በአንድ ተናገረ። አባቴ ሰምቶ ሲጨርስ ጉሮሮውን ጠረገ። ጉሮሮውን ከጠረገ ስብከት ነው።

«እኛ በካህንና በምዕመን መካከል የነበረውን አጥር አፍርሰን የወጣን ሰዎች ነን። ሁላችንም ካህናት ነን። አንዱን ለይተን ልናለብስ ነው? ልብስ አይጸልይም! ልብስ አያጽናናም! እግዚአብሔር የሚያየው ልብን ነው» አለና ከረባቱን ወደ ላይ ጠበቅ አደረገ።

«ሁላችንም ካህናት ከሆንን ሁላችንም እንልበሳ!» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ለእኔም ሥራ ይበዛልኛል።»

«ቀልድ አይደለም፣ እኅቴ።»

«እኔም አልቀለድኩም፣ ጋሼ። መዘምራኑ ቀሚስ አላቸው። በር ላይ የሚቆሙት አስተናጋጆች ባጅ አላቸው። ድምፅ ማጉያውን የሚነካካው ልጅ እንኳ ‹ቴክኒክ› የሚል ሰደርያ አለው። ምንም የሌለው ፓስተሩ ብቻ ነው።»

ፋርማሲስቱ ጣልቃ ገባ። «እውነት ለመናገር እኔም ነጩን ጋውን ካልለበስኩ ሰው ጉንፋኑን እንኳ አይነግረኝም። ከለበስኩ ግን ያልጠየቅኩትን ሁሉ ነው የሚነግሩኝ። አንዳንዱን ባልሰማው ይሻለኝ ነበር።»

«መድኃኒት ሌላ ነው» አለ አባቴ።

«አባባ» አለ ባለቤቴ ረጋ ብሎ፣ «ለመከበር ብዬ አይደለም። ለመግባት ብዬ ነው።»

 በዚህ ቃል አባቴ ለአፍታ ተሸንፎ ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ዓይኑ ወደ መስኮቱ ሄዶ ነበር። ያን ጊዜ ነው ልብስ ሰፊዋ ነገሩን ያበላሸችው።

«ለመሆኑ፣ ጋሼ፣ የእርስዎ ከረባትስ? የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች እንዳይሆን።»

ፋርማሲስቱ ወደ ስኒው አጎነበሰ። እኔ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ።

«ከረባት» አለ አባቴ ቃሉን እየረገጠ፣ «ልብስ አይደለም። ጨዋነት ነው።»

«እንጸልይና እንለያይ» አለ ባለቤቴ ነገር ሲከር አይቶ። ሁላችንም ተነሣን። እሱ አባቴ ፊት ቆሞ አንገቱን ዝቅ አደረገ። ያለ ተፈጥሮው የታጠፈው ፕላስቲክ የሚጠብቀው ይህን ነበር። ጧ! ብሎ ወጣና በአየር ላይ ተገልብጦ አባቴ ስኒ ውስጥ፣ ሻዩ ላይ አረፈ።

 አባቴ በሁለት ጣቱ አወጣው፣ አራገፈው፣ ገለበጠው። መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቀለና ጮክ ብሎ አነበበ።

«ለደረቅ ፀጉር።»

ልብስ ሰፊዋ እየሳቀች ወደ ወጥ ቤት ሮጠች።

«ይኼ ለጊዜው እኔ ጋ ይቆይ» አለ አባቴ። በመሐረቡ ጠርጎ ግራጫ ኮቱ የውጭ ኪስ ውስጥ ከተተው። ከዚያ ለባለቤቴ፣ «ቃል ግባልኝ» አለው።

ባለቤቴ፣ ምን ይደረግ፣ አማት ነውና፣ «እርስዎ በአፍዎ ካልፈቀዱልኝ በቀር አላደርገውም» ብሎ ቃል ገባ። ባለቤቴ ቃል ከገባ ገባ ነው።

ከዚያ ብዙም ሳይቆይ አባቴን ሐሞቱ ውስጥ ያለ ጠጠር ጣለው። ጎኑን ይዞ ሲያቃስት ወደ ሆስፒታል ወሰድነው፤ ያንኑ ሆስፒታል። ቀዶ ጥገና ያስፈልገዋል አሉ፤ በማግስቱ ከምሳ ሰዓት በፊት። አባቴ ስንቱን ሰው አልጋ አጠገብ ቆሞ «አይዞህ» ብሎ ሸኝቷል። ለራሱ ሲሆን ግን ፊቱ አመድ መሰለ። ስሰናበተው እጄን አልለቅ ብሎ፣ «ይኸ ልጅ ጠዋት ይምጣ። ሳልገባ ይጸልይልኝ» አለኝ።

ከአንድ የቤተሰብ ሰው በቀር ጠዋት አይገባም። መግቢያ ካርዱ ላይ የተለጠፈው የእኔ ፎቶ ነው፤ ለባለቤቴ ላውሰው ብል ዘበኛው ዓይን አለው። ከካርድ ነጻ የሆኑት «የሃይማኖት አባቶች» ብቻ ናቸው። ክፍሉ ውስጥ ደግሞ ስልክ ክልክል ነው። ስለዚህ ያን ጠዋት እኔ በአባቴና በባለቤቴ መካከል ደረጃ የምወጣና የምወርድ መልእክተኛ ሆንኩ።

መጀመሪያ ባለቤቴ እንደ ወትሮው በሸሚዝ መጣ። ዘበኛው መለሰው። ወጥቼ ለአባቴ ነገርኩት።

አባቴ የሆስፒታሉን ፒጃማ ለብሶ፣ ብርድ ልብሱን እስከ ደረቱ ስቦ ተጋድሟል። «ጥፋቱ የራሱ ነው» አለ። «በሸሚዝ ይመጣል እንዴ! ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ከረባት አስሮ ይምጣ። እኔ ስንት ሆስፒታል ገብቻለሁ፣ አንድ ቀን ያቆመኝ የለም።»

ወርጄ ነገርኩት። ቤታችን ከሆስፒታሉ ጀርባ ነው። የሰርጋችንን ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ከረባት አስሮ እየሮጠ ተመለሰ። በእጁ ጥቁር ቦርሳ ይዟል፤ ምናልባት ፈቃድ ቢገኝ ብሎ ጥቁሩን ሸሚዝ ይዞ መምጣቱ ነው። ዘበኛው ከላይ እስከ ታች አየው። ጥሩ ልብስ፣ ከረባት፣ ቦርሳ፣ ላብ።

«የመድኃኒት ሻጮች ሐሙስ ነው» አለው።

«የመድኃኒት ሻጭ አይደለሁም። ፓስተር ነኝ።»

«እሺ፣ ናሙናህን ይዘህ ሐሙስ ተመለስ። ሂድ ከዚህ፣ መንገድ አትዝጋ!»

እንደገና ወጣሁ። በዚህ መሐል ነርሷ መጥታ ለአባቴ መርፌ ወግታው ሄዳ ነበር። አልጋ የሚገፉት ሰዎች ሲመጡ ይወስዱታል። በጎኑ ያለው አልጋ ላይ እግሩ በጀሶ የታሰረ የጭነት መኪና ሹፌር ተኝቷል፤ ሥራ ፈትቶ ጨዋታ የሚፈልግ ሰው ነው። ስገባ አባቴን፣ «እና አባቴ፣ ሥራዎ ምን ነበር አሉኝ?» እያለው ነበር።

«ሰባኪ ነኝ። የወንጌል ሰባኪ።»

«አይመስሉም» አለ ሹፌሩ በቅን ልብ። «እኔ ጡረታ የወጡ ወታደር ነበር የመሰሉኝ።»

 የአባቴ እጅ ወደ አንገቱ ሄደ። እዚያ ምንም የለም። የፒጃማው ጠርዝ ላይ ጣቶቹ ከረባት ፈለጉ፣ አላገኙም፣ ተመለሱ። ጥቂት ቆይተው እንደገና ሄዱ።

«አባዬ፣ በከረባትም አላስገባውም። የመድኃኒት ሻጭ አደረገው።»

«ከረባቴ የት ነው?» አለ፣ የነገርኩትን እንዳልሰማ።

«ከልብስህ ጋር፣ አልጋው ሥር ባለው ከረጢት ውስጥ።»

«አምጪልኝ።»

«ሲስተር አንገትህ ላይ ምንም ነገር እንዳታደርግ ብላለች።»

 ከዚያ ሹፌሩ እንዳይሰማ ድምፁን ዝቅ አድርጎ (ሹፌሩ ግን ጆሮውን አቅንቶ ነበር)፣ «ልጄ፣ ጠዋት ልጸልይ ሞከርኩ። አቃተኝ» አለኝ። «ዓይኔን ስጨፍን ራቁቴን ሰው ፊት የቆምኩ ይመስለኛል። ቃሉ አልመጣ አለኝ። ያለ እሱ… እንዲህ ይሆናል ብዬ አስቤ አላውቅም።»

ያን ቀን በእሱ ላይ መሳቅ ይቻል ነበር። የአባቴ እጅ ግን እንደገና ወደ ባዶ አንገቱ ሄዶ ነበርና አልሳቅኩም።

«ይምጣ» አለ በመጨረሻ።

«እንዴት አድርጎ?»

«እንደሚሆነው አድርጎ።»

«አባዬ፣ በአፍህ ካልፈቀድክለት አያደርገውም። ቃል ገብቷል። ቃል ያስገባኸውም አንተ ነህ።»

«ያን ነገር አድርጎ ይምጣ።»

«ምኑን ነገር?»

አባቴ ወደ ጣሪያው አፈጠጠ። ሹፌሩ አላስችል ብሎት ከትራሱ ቀና አለ። «ኧረ ይበሉት አባቴ! ምን እንደሆነ ባላውቅም እኔም ጨነቀኝ!»

«ኮሌታውን!» አለ አባቴ። «ኮሌታውን አድርጎ ይምጣ!»

«ነጩስ የት አለ?»

«ኮቴ ውስጥ። በውስጥ ኪስ።»

ከረጢቱን ከአልጋው ሥር ጎትቼ ከፈትኩ። ሁለት ነገር አስተዋልኩ። አንደኛ፣ ኮቱ ቡኒው ነው። በስብሰባው ቀን የለበሰው ግራጫውን ነበር፤ ነጩ ፕላስቲክ ደግሞ በራሱ እግር ከኮት ወደ ኮት አይሄድም። ሁለተኛ፣ ፕላስቲኩ ሽቶ ሽቶ ይላል። ጢሙን ከተላጨ በኋላ አንገቱ ላይ የሚቀባው፣ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው የአባቴ ሽቶ፤ ኪሱን ግን ሽቶ ቀብቶት አያውቅም። ምንም ሳልል ይዤ ወረድኩ።

ባለቤቴ ከሆስፒታሉ አጥር ውጭ ሱቅ ጥግ ቆሞ ሸሚዙን ቀየረ። ነጩን አስገባሁለት። «አንገትህን ዝቅ እንዳታደርግ» አልኩት። እንደ ቀጭኔ ቀጥ ብሎ ወደ በሩ ሄደ።

ዘበኛው ቆቡን አወለቀ። «ይግቡ አባ!»

ሊያልፍ ሲል እጁን ዘረጋ፤ አሁን ግን ለመከልከል አይደለም። «አባ፣ ከመግባትዎ በፊት እስቲ ለወገቤ ይጸልዩልኝ። ቀኑን ሙሉ መቆም ነው።» ባለቤቴ እጁን ወገቡ ላይ ጭኖ ጸለየ። ዘበኛው «አሜን» ብሎ ቀና አለና፣ «ደግሞ ዘመኑ ከፍቷል፣ አባ» አለው። «አሁን አንድ የመድኃኒት ሻጭ ‹ፓስተር ነኝ› እያለ ሲያስቸግረኝ ነበር። እንዲህ ያለውን አጭበርባሪ ይገሥጹልኝ።»

«እገሥጸዋለሁ» አለ ባለቤቴ።

እጁን ይዤ ጎተትኩት። ከዚያ በኋላ የሆነውን አላሰብንበትም ነበር። ያለ ኮሌታ በሩን ማለፍ አይቻልም፤ በኮሌታ ደግሞ ኮሪደሩን ማለፍ አይቻልም። ደረጃው ሥር አንዲት ጽዳት ሠራተኛ መጥረጊያዋን አቁማ፣ «አባ፣ ልጄ ሥራ እንዲያገኝ» አለች፤ ጸለየላት። ደረጃው ላይ አንድ በክራንች የሚሄድ ሰው መንገድ ዘጋ። «አባ፣ ኃጢአቴን ልናዘዝ።»

«ወንድሜ፣ በእኛ ዘንድ ኑዛዜ ለእግዚአብሔር ነው፤ በቀጥታ።»

«እኔም በቀጥታ ነው የምናገረው፣ ዙሪያ ጥምጥም አልወድም። የጎረቤቴን ጀኔሬተር…»

«ጌታ ይቅር ይበልህ፣ ጀኔሬተሩን መልስ!» አልኩ እኔ፣ ከባለቤቴ ቀድሜ። ሰውየው ደንግጦ ገለል አለ።

የላይኛው ኮሪደር ላይ ስንደርስ ከየክፍሉ በር ራስ ብቅ ብቅ ማለት ጀመረ። «አባ፣ ወደዚህም!» «አባ፣ እናቴን!» ባለቤቴ እምቢ ማለት የማይችል ሰው ነው። ውሃ ሲሉት ውሃ የሚያመጣ ሰው፣ ጸሎት ሲሉት ምን ሊያደርግ ነው? አንዱን ባርኮ ወደ ሌላው ሲዞር፣ ከኮሪደሩ ጫፍ ጎማው የሚንጫጫ አልጋ ሲወጣ አየሁ። አልጋው ላይ አባቴ አለ። ሁለት ሰዎች እየገፉት፣ ነርሷ ከፊት እየመራች፣ ወደ ቀዶ ጥገናው በር ይሄዳሉ። ሹፌሩ ከክፍሉ ውስጥ፣ «ቆዩ እንጂ! ኮሌታው እየመጣ ነው!» እያለ ይጮኻል።

«ተነሥ!» አልኩት ባለቤቴን። ሮጥን። በሩ ሊከፈት ሲል የአልጋውን ጠርዝ ያዝን።

«አንድ ደቂቃ፣ ሲስተር» አለ ባለቤቴ እያለከለከ። ነርሷ ኮሌታውን አይታ፣ «ይቻላል፣ አባ፤ በአጭሩ» አለችና ወረቀቷን ለማስተካከል ዞር አለች።

አባቴ በጀርባው ተኝቶ ወደ ላይ አየ። መጀመሪያ ያየው ነጩን ነበር፤ ከዚያ ፊቱን። ባለቤቴ እጁን ያዘና ሊጸልይ አንገቱን ዝቅ አደረገ። ፕላስቲኩ ጉሮሮውን ወግቶት አሳለው።

«አውጣው፣ ትታነቃለህ» አለ አባቴ።

ባለቤቴ ነጩን መዝዞ አባቴ መዳፍ ውስጥ አስቀመጠው፤ የሚያስቀምጥበት ሌላ ቦታ አልነበረውም። የሸሚዙን የላይኛውን ቁልፍም ፈታ። ጸለየ። ምን እንዳለ ሁሉንም አልሰማሁም። አባቴ ከንፈሩን ሲያንቀሳቅስ ግን አይቻለሁ። ጠዋት አልመጣ ያለው ቃል መጥቶለት ነበር። ከረባት የለውም፤ ባለቤቴም ኮሌታ የለውም። ሁለት ባዶ አንገቶች ነበሩ።

«አሜን» ሲሉ ነርሷ ዞር አለች። ያየችው አንገቱ የተከፈተ፣ ላብ ያጠመቀው፣ ተማሪ የሚመስል ቀጭን ሰው ነው።

«አንተ! እዚህ ማን አስገባህ? አሁን እዚህ የነበሩት አባስ የት ሄዱ?»

«እኔ ነኝ፣ ሲስተር…»

«ሰዓቱ አይደለም! ውጣ! ጥበቃ!»

ያን ጊዜ አባቴ ከአልጋው ክንዱን ተደግፎ ቀና አለ። መርፌው ምላሱን አክብዶበታል፤ ድምፁ ግን የመድረኩ ድምፅ ነበር።

«አትንኪው! ፓስተሬ ነው!»

ባለቤቴ ወደ እኔ አየ። እኔም ወደ እሱ። «ይኸ ልጅ» ሞቶ ሲቀበር ሁለታችንም ሰማን።

«ምን ማስረጃ አለው?» አለች ነርሷ።

አባቴ መዳፉን ከፍቶ ነጩን ፕላስቲክ ከራሱ በላይ ከፍ አደረገው። «ይኸው ማስረጃው!»

ነርሷ ጎንበስ ብላ አየችው። የያዘው ገልብጦ ነበር።

«ለደረቅ ፀጉር?» አለች።

አልጋውን የሚገፉት ሰዎች ሳቅ አሸንፏቸው ለጥቂት ጊዜ መግፋት አልቻሉም። አባቴም እየሳቀ ነው በሩን ያለፈው። ነርሷ ፕላስቲኩን ከእጁ ወስዳ ለእኔ ሰጠችኝ።

ጠጠሩ ወጣ። ማታ ማታ ሹፌሩ ለአባቴ መንፈሳዊ ጥያቄ ይጠይቀው ጀመር፤ አብዛኛው ስለ ጀኔሬተሩ ነበር፤ ወሬው በሕንጻው ሁሉ ተሰምቷል። የሽማግሌዎቹ ስብሰባ እንደገና ተጠራ። አባቴ ከረባቱን አስሮ ጉሮሮውን ጠረገና፣ ኮሌታው ለሆስፒታልና ለቀብር ይፈቀድ፣ መድረክ ላይ ግን አይሁን፤ አንገት የማያስጎነብስ ነገር ለጸሎት አይሆንም አለ። ልብስ ሰፊዋ «ከረባትስ ያስጎነብሳል?» ልትል አፏን ከፍታ ነበር። ባለቤቴ ኬክ አቀረበላት።

አባቴ ገና ሆስፒታል ሳለ፣ በነቃ ማግስት፣ አጠገቡ ተቀምጬ ልብሱን ሳጣጥፍለት አንድ ነገር ጠይቆኝ ነበር። ቡኒ ኮቱን በጥርጣሬ እያየ፣ እንደ ዋዛ ነው የጠየቀው።

«ያን ቀን ኮሌታውን ከኪሴ ስታወጪ… ያየሽው ነገር ነበር?»

ሥራዬ ዓይን ነው። ሰው የሚጠየቀው ያየውን ነው፤ አፍንጫ ያገኘውን የጠየቀኝ የለም።

«ምንም አላየሁም፣ አባዬ» አልኩት። ከረባቱንም አልጋው ራስጌ ላይ አንጠለጠልኩለት።